ማሽኑ እስኪተነፍስ

ማጣሪያ ማለት ጥሩውን አሳልፎ መጥፎውን በራሱ ላይ የሚያስቀር ዕቃ ነው። የወተት ማጣሪያ አለ፤ የጠላ ማጣሪያ አለ፤ የሻይ ማጣሪያ አለ። ሦስቱም ሥራቸውን ሲጨርሱ ይታጠባሉ፤ ፀሐይ ላይ ይሰጣሉ፤ ለነገም ይደርሳሉ። አራተኛው የሞተር አየር ማጣሪያ ነው። ይህኛው ከወረቀት የተሠራ ስለሆነ አይታጠብም፤ ሲቆሽሽ ወጥቶ በአዲስ ይተካል። ከዚህ በታች የሚነገረው ችግር ሁሉ የመጣው በሦስቱና በአራተኛው መካከል ካለው ከዚህ ትንሽ ልዩነት ነው።

በወይራ አምባ ጤና ጣቢያ ግቢ ውስጥ አቶ ጥላዬ የሚባሉ አትክልተኛ ከባለቤታቸው ከወይዘሮ የሺመቤት ጋር ይኖሩ ነበር። የወይዘሮ የሺመቤትን ሁለቱንም ዓይን ሞራ ከጋረደው ሁለት ዓመት አልፎታል። ባለፈው ክረምት በሩ አጠገብ የተሰቀለ ካፖርት እንግዳ መስሏቸው፣ ምነው ቆመህ ቀረህ፣ ግባና ተቀመጥ እንጂ ብለውት ነበር። ካፖርቱ መልስ ሳይሰጥ ሲቀር ትዕቢተኛ ነው ብለው ተቀየሙት። የሚመኙት አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ማየት። ብዙ አይደለም፤ ካፖርትን ከሰው ለመለየት የሚበቃ ያህል።

በመስከረም አጋማሽ፣ ሰኞ ጠዋት፣ የጤና ጣቢያው ኃላፊ ሲስተር ሰናይት አቶ ጥላዬን አስጠሩ። የዓይን ሐኪሞች ሐሙስ ሊመጡ ነው አሏቸው። ሞራ ይገፍፋሉ፤ ክፍያ የለውም፤ የመጀመሪያዋ ተመዝጋቢ ደግሞ ወይዘሮ የሺመቤት ናቸው። ነገር ግን ሐኪሞቹ ድንኳን ይዘው ነው የሚመጡት፤ ድንኳኑ የሚተከለውም በግቢው ሜዳ ላይ ነው። ሜዳው የኳስ ሜዳ ያክላል፤ የክረምቱ ሣር ጉልበት ደርሷል። ሲስተር ሰናይት ረቡዕ በአሥራ አንድ ሰዓት ስልክ ደውለው ሜዳው ተዘጋጅቷል ካላሉ፣ ሐኪሞቹ ወይራ አምባን አልፈው ወደሚቀጥለው ወረዳ ይሄዳሉ። ተመልሰው የሚመጡት መቼ እንደሆነ የሚያውቅ የለም።

ነገሩ አጭር ነበር። ሣሩ ካልታጨደ ሐኪሞቹ አይመጡም፤ ሐኪሞቹ ካልመጡ የየሺመቤት ዓይን አይበራም።

አቶ ጥላዬ ቀይዋን የሣር ማጨጃ ማሽን አወጡ። ነዳጇን አዩ፤ ዘይቷን አዩ፤ ገመዷን ሳቡ። ማሽኗ አንድ ጊዜ አስነጠሰች፤ ሁለት ጊዜ ሳለች፤ ጥቁር ጭስ ተፋችና ዝም አለች። አቶ ጥላዬ ሕመሟን ያውቁታል። በጎኗ ያለችውን ትንሽ ጥቁር ሣጥን ፈትተው ማጣሪያውን አወጡ። እንደ ማራገቢያ የተጣጠፈ፣ የሳሙና ድቡልቡል የሚያክል ወረቀት ነው። ያለፈው ዓመት የሣር ብናኝ ሁሉ እዚያ ላይ ተቀምጦ ብርድ ልብስ መስሏል። በዚህ ውስጥ ትንኝም አየር አትስብም።

አቶ ጥላዬ ንጹሕ ሰው ናቸው። ባልዲያቸውን ያጥባሉ፤ አካፋቸውን ያጥባሉ፤ የባልዲውን ማጠቢያ ጨርቅ ሳይቀር ያጥባሉ። ማጣሪያውንም በልብስ ሳሙና አሽተው አጠቡት፤ ሁለት ጊዜ አለቀለቁት፤ እንዲደርቅ አጥር ላይ አሰጡት። ከታጠበ በኋላ ውኃ የገባው ድፎ ዳቦ ይመስል ነበር፤ እሳቸው ግን ሲደርቅ ይመለሳል ብለው አመኑ። ሲደርቅ ምን ይሆን እንደነበር አይታወቅም። የጎረቤታቸው የእማማ ድንቄ ፍየል አንገቷን በአጥሩ ቀዳዳ አሾልካ ከነጠርዙ በላችው።

ያለ ማጣሪያ ለምን አያስነሷትም የሚል አንባቢ ይኖራል። ከእሷ በፊት የነበረችው ማሽን ያለ ማጣሪያ ነበር የተነሣችው። አቧራው ገብቶ ሆዷን በላውና በሦስተኛው ቀን ሞተች። አቶ ጥላዬ ይህን በዓይናቸው አይተዋል፤ አይደግሙትም። በማጭድስ ለምን አይታጨድም የሚልም አይጠፋም። የኳስ ሜዳ የሚያክል ሣር በሁለት ቀን ለማጨድ ሃያ ሰው ይፈልጋል፤ በዚያ ሰሞን ደግሞ ክንድ ያለው ሁሉ ገጠር ወርዶ ጤፍ ያርማል።

እንግዲህ ማሽኗ ካልተነፈሰች ሣሩ አይታጨድም፤ ሣሩ ካልታጨደ ሐኪሞቹ አይመጡም፤ ሐኪሞቹ ካልመጡ የየሺመቤት ዓይን አይበራም።

አቶ ጥላዬ ወደ ዕቃ ግምጃ ቤቱ ሄዱ። የግምጃ ቤቱ ኃላፊ አቶ ምንዳዬ ጥሩ ሰው ናቸው፤ አዲስ ማጣሪያም አላቸው። ከጀርባቸው መደርደሪያ ላይ፣ ከነካርቶኑ፣ ከወንበር ሳይነሡ እጅ ቢዘረጋ የሚደረስበት ቦታ ላይ ተቀምጧል። ነገር ግን የግምጃ ቤት ሕግ አንድ ነው፤ አሮጌው ካልገባ አዲሱ አይወጣም። አቶ ጥላዬ አሮጌውን ፍየል በላችው አሉ። አቶ ምንዳዬ ብዕራቸውን አስቀመጡ።

«ጋሽ ጥላዬ፣ እርስዎን አምናለሁ። ፍየሏን ግን መዝገብ ላይ እንዴት አድርጌ ላስገባት?»

ከእሳቸው በፊት የነበረው ሰው በአንድ የጎማ ቱቦ ምክንያት ሦስት ዓመት ሲጠየቅ ኖሯል። ቱቦው የት እንደገባ ሁሉም ያውቅ ነበር፤ የጻፈው ግን አልነበረም። ስለዚህ አቶ ምንዳዬ ወረቀት አወጡና በገዛ እጃቸው ጻፉ። ንብረትነቱ የጤና ጣቢያው የሆነ አንድ (1) የሞተር አየር ማጣሪያ፣ ታጥቦ አጥር ላይ በተሰጣበት ሁኔታ፣ ባለቤትነቷ የወይዘሮ ድንቅነሽ በሆነች አንዲት (1) ፍየል የተበላ መሆኑን፣ የፍየሏ ባለቤት ባሉበት ተረጋግጧል። ሁለት ገጽ ሆነ። የፍየሏ ባለቤት ይፈርሙበት፣ እኔም ማጣሪያውን አወጣለሁ አሉ።

እማማ ድንቄ ካልፈረሙ ግምጃ ቤቱ አይሰጥም፤ ግምጃ ቤቱ ካልሰጠ ማሽኗ አትተነፍስም፤ ማሽኗ ካልተነፈሰች ሣሩ አይታጨድም፤ ሣሩ ካልታጨደ ሐኪሞቹ አይመጡም፤ ሐኪሞቹ ካልመጡ የየሺመቤት ዓይን አይበራም።

እማማ ድንቄ ፍየሏ መብላቷን አልካዱም። እንዲያውም ስትበላ አይተዋታል፤ ጨጓራዋን እንዳያማት ብለው እስካሁን ሲጸልዩላት ቆይተዋል። የወይዘሮ የሺመቤት ዓይን ጉዳይ ነው ሲባሉም ነጠላቸውን አጣፍተው ለመነሣት ተዘጋጁ። ወረቀቱን ሲያዩ ግን መልሰው ተቀመጡ።

የዛሬ አርባ ዓመት የባላቸው ወንድም አንድ ወረቀት አምጥቶላቸው ነበር። የእርዳታ ስንዴ ነው፣ አውራ ጣትዎን ያሳርፉበት አላቸው። አሳረፉበት። ስንዴው አልመጣም፤ የጓሯቸው ግማሽ ግን ሄደ። ከዚያ ወዲህ ያልተነበበላቸው ወረቀት ላይ አውራ ጣታቸውን አሳርፈው አያውቁም። አቶ ጥላዬ እኔ አነብልዎታለሁ ቢሏቸው ፈገግ አሉ።

«አንተ ደህና ሰው ነህ ልጄ። እሱም ደህና ሰው ነበር።»

አንድ የሚያምኑት አንባቢ አለ፤ ጡረታ የወጡት መምህር ወንዳፍራሽ። ጓሮው የሄደ ጊዜ ያን ወረቀት በኋላ አንብበው እውነቱን የነገሯቸው እሳቸው ናቸው። ወንዳፍራሽ ያንብብልኝ፣ እኔም አሳርፋለሁ አሉ።

መምህሩ ካላነበቡ እማማ ድንቄ አይፈርሙም፤ እማማ ድንቄ ካልፈረሙ ግምጃ ቤቱ አይሰጥም፤ ግምጃ ቤቱ ካልሰጠ ማሽኗ አትተነፍስም፤ ማሽኗ ካልተነፈሰች ሣሩ አይታጨድም፤ ሣሩ ካልታጨደ ሐኪሞቹ አይመጡም፤ ሐኪሞቹ ካልመጡ የየሺመቤት ዓይን አይበራም።

ሰኞ በዚህ አለቀ። ማክሰኞ ጠዋት አቶ ጥላዬ ከመምህር ወንዳፍራሽ ደጅ ቆሙ። መምህሩ በጨዋ ደንብ አስገቧቸው፤ ወንበር ሰጧቸው፤ ወረቀቱንም ተቀብለው ክንዳቸው እስከቻለው ድረስ አራቁት፤ ከዚያ አፍንጫቸው ድረስ አቀረቡት፤ ከዚያ መለሱት። መነጽራቸው ከአፍንጫው ላይ ለሁለት ተሰብሮ ሰዓት ሠሪው ኑረዲን ዘንድ ነው። አቶ ጥላዬ ስባሪዎቹን ላምጣና እርስዎ በሁለት እጅዎ ይያዙ፣ ወረቀቱን እኔ እይዛለሁ የሚል ሐሳብ አቀረቡ። መምህሩ ሐሳቡን አዳምጠው አልተቀበሉትም።

«የሰው አውራ ጣት የሚያርፍበትን ወረቀት እያጮለቅሁ አላነብም፤» አሉ። «ድንቅነሽን አንድ ጊዜ ያሳሳቷት ይበቃታል።»

መነጽሩ ካልተሠራ መምህሩ አያነቡም፤ መምህሩ ካላነበቡ እማማ ድንቄ አይፈርሙም፤ እማማ ድንቄ ካልፈረሙ ግምጃ ቤቱ አይሰጥም፤ ግምጃ ቤቱ ካልሰጠ ማሽኗ አትተነፍስም፤ ማሽኗ ካልተነፈሰች ሣሩ አይታጨድም፤ ሣሩ ካልታጨደ ሐኪሞቹ አይመጡም፤ ሐኪሞቹ ካልመጡ የየሺመቤት ዓይን አይበራም።

የኑረዲን ሱቅ ከጤና ጣቢያው አጥር ጋር ተጠግታ የቆመች ቆርቆሮ ቤት ናት። ኑረዲን የመምህሩን መነጽር አውጥቶ አሳየ። ስባሪዎቹ ተወልውለው፣ ተገጣጥመው፣ በጨርቅ ላይ ጎን ለጎን ተኝተዋል። የቀረው ብየዳ ብቻ ነው። መበየጃው ግን በኤሌክትሪክ የሚግል ነው፤ መብራት ደግሞ ዓርብ ማታ ከነፋሱ ጋር ሄዶ እስካሁን አልተመለሰም። አቶ ጥላዬ በሙጫ ቢሆንስ አሉት። ኑረዲን ቅር እንዳለው ፊቱ ላይ ታየ።

«ጋሼ፣ ፊደል ያስቆጠሩኝ እሳቸው ናቸው። የእሳቸውን መነጽር በሙጫ?»

አቶ ጥላዬ ይቅርታ ጠየቁ። ኑረዲን መብራት ይምጣልኝ እንጂ ሩብ ሰዓት አይፈጅብኝም ብሎ ማለላቸው።

አሁን ነገሩ ረዝሟል፤ አንባቢም ትንፋሹን ይያዝ። መብራት ካልመጣ መበየጃው አይግልም፤ መበየጃው ካልጋለ መነጽሩ አይሠራም፤ መነጽሩ ካልተሠራ መምህሩ አያነቡም፤ መምህሩ ካላነበቡ እማማ ድንቄ አይፈርሙም፤ እማማ ድንቄ ካልፈረሙ ግምጃ ቤቱ አይሰጥም፤ ግምጃ ቤቱ ካልሰጠ ማሽኗ አትተነፍስም፤ ማሽኗ ካልተነፈሰች ሣሩ አይታጨድም፤ ሣሩ ካልታጨደ ሐኪሞቹ አይመጡም፤ ሐኪሞቹ ካልመጡ የየሺመቤት ዓይን አይበራም።

የመብራት ሠራተኛው ደቻሳ ይባላል። ከሰዓት በኋላ ሻይ ቤት ተቀምጦ አገኙት። መሰላሉ ግድግዳ ተደግፏል፤ መሣሪያው ወገቡ ላይ ነው። አቶ ጥላዬ ከመብራቱ ጀምረው እስከ ዓይኑ ድረስ ያለውን ሁሉ ነገሩት፤ ደቻሳም አንዱንም ሳያቋርጥ ሰማ። ሲጨርሱ ሻይ አዘዘላቸው። የሱቆቹን መስመር የያዘው ምሰሶ የት እንዳለ ያውቁ እንደሆነ ጠየቃቸው። ያውቃሉ። በጤና ጣቢያው ሜዳ ሰሜናዊ ጥግ ነው።

ደቻሳ ቅዳሜ ጠዋት መሰላሉን ተሸክሞ እዚያ ድረስ ሄዶ ነበር። መስመሩን አጥፍቶ፣ መሰላሉን ሊያቆም ሲል፣ ሣሩ ውስጥ ጥቁርና ረጅም ነገር ተጋድሞ አየ። መሰላሉን መልሶ ተሸከመና ሄደ። ወንድሙን ከሦስት ዓመት በፊት እባብ ነድፎት እግሩ እስካሁን አልዳነም።

«ከሽቦ ላይ ወድቄ ብሞት ሥራዬ ነው፤ ጓደኞቼ ያለቅሱልኛል፤» አላቸው። «እባብ ረግጬ ብሞት ግን ይስቁብኛል። ሣሩን ያጭዱልኝ ጋሼ፤ ያን ጊዜ እወጣለሁ።»

አቶ ጥላዬ የሻዩን ብርጭቆ አስቀመጡ። ለመልስ አፋቸውን ከፈቱ፤ መልሱ ግን የት እንደሚያደርሳቸው ስላዩ መልሰው ዘጉት።

ሣሩ ካልታጨደ ደቻሳ ምሰሶ አይወጣም፤ ደቻሳ ካልወጣ መብራት አይመጣም፤ መብራት ካልመጣ መበየጃው አይግልም፤ መበየጃው ካልጋለ መነጽሩ አይሠራም፤ መነጽሩ ካልተሠራ መምህሩ አያነቡም፤ መምህሩ ካላነበቡ እማማ ድንቄ አይፈርሙም፤ እማማ ድንቄ ካልፈረሙ ግምጃ ቤቱ አይሰጥም፤ ግምጃ ቤቱ ካልሰጠ ማሽኗ አትተነፍስም፤ ማሽኗ ካልተነፈሰች ሣሩ አይታጨድም፤ ሣሩ ካልታጨደ ደግሞ ደቻሳ ምሰሶ አይወጣም። ሐኪሞቹ ከዚህ ክብ ውጭ ቆመዋል፤ የየሺመቤት ዓይንም ከሐኪሞቹ ወዲያ።

አመሻሽ ላይ አቶ ጥላዬ ቤታቸው ገቡ። ወይዘሮ የሺመቤት የእግራቸውን ኮቴ ሰምተው፣ ዛሬ ቀኝ እግርህን እየጎተትህ ነው፣ ምን ሆነሃል አሏቸው። አቶ ጥላዬ ሊነግሯቸው አልፈለጉም ነበር። ተስፋ ሰጥቶ መንሣት ደግ አይደለም። ግን ሲጠየቁ መዋሸት አይችሉበትም፤ እናም ከሣሩ ጀምረው እስከ ሣሩ ድረስ ተረኩላቸው። አንድም ሰው አላማረሩም። ሁሉም እውነቱን ነው፣ የሺ፣ አሉ። ክፉ ሰው ቢገኝበት ይሻል ነበር፤ ክፉ ሰውን ይጣሉታል።

ወይዘሮ የሺመቤት ፊታቸውን ወደ ድምፁ አዞሩ።

«ምሰሶው ሥር ያለው ሣር ምን ያክላል?»

«ጉልበት ያልፋል።»

«ቁመቱን አልጠየቅሁህም። ስፋቱን ነው።»

አቶ ጥላዬ አሰቡ። መሰላል ለማቆም፣ ሰው ለመዞር። «አልጋችንን ቢያክል ነው፤» አሉ።

«ሐኪሞቹ የሚፈልጉት ሜዳውን ነው፤» አሉ ወይዘሮ የሺመቤት። «ልጁ የጠየቀህ አልጋ የምታክለውን ነው። አንተ ሁለቱን አንድ ላይ አስረህ ተሸክመህ ስትዞር ዋልህ። ነገ ማጭድ ፈልግልኝ።»

አቶ ጥላዬ ማጭዱ ለእኔ ነው እንጂ ላንቺ ምን ያደርግልሻል አሉ። ወይዘሮ የሺመቤት፣ የአንተን ቀኝ ትከሻ እኔ ነኝ ማታ ማታ የማሽልህ፣ ከአንድ እፍኝ በላይ እንደማታጭድ አውቃለሁ አሏቸው። እውነት ነበር። አቶ ጥላዬ እንግዲህ የመጨረሻውን አወጡ፤ አታዪም እኮ የሺ አሉ።

«የምትዞረው ለዓይኔ ነው። እጄ አልታመመም። ሣር ሲታጨድ ማን ያያል? እጅ ይጨብጣል፣ ማጭድ ይቆርጣል። አባቴ ቤት በጨለማ አጭጄ ላም አሳድሬያለሁ።»

ረቡዕ ጠዋት አቶ ጥላዬ ማጭድ ፍለጋ እማማ ድንቄ ዘንድ ሄዱ። እማማ ድንቄ ማጭዱን ከጣራው ሥር መዝዘው ሰጧቸው። ለማጭድ ወረቀት አያስፈልግም አሉና ራሳቸውም ተከትለው መጡ። ደቻሳም ተጠርቶ መሰላሉን ይዞ መጣ፤ ነገር ግን ከሣሩ አሥር እርምጃ ርቆ ቆመ። ኑረዲን ከሱቁ ወጥቶ በአጥሩ ላይ ተመለከተ።

ወይዘሮ የሺመቤት በባላቸው ክንድ ተመርተው እስከ ሣሩ ጠርዝ ደረሱ። በቀኝ እጃቸው ማጭዱን፣ በግራቸው ረጅም ዱላ ይዘዋል። በመጀመሪያ እባቡን አስጠነቀቁ። ማንም እንደማይፈልገው፣ መንገዱ ክፍት እንደሆነ፣ ቢሄድ ለእሱም እንደሚሻለው በጨዋ ቋንቋ ነገሩት። ከዚያ በዱላው ሣሩን መቱ። ምንም የለም። ጥቂት ፈቀቅ አድርገው መቱ። ምንም የለም። በሦስተኛው አንድ ነገር ኳ አለ።

ወይዘሮ የሺመቤት ደግመው መቱት። ኳ።

«እባብ ከሆነ በጣም ደርቋል፤» አሉ።

ደቻሳ ቀስ ብሎ ቀረበ፤ ጎንበስ ብሎ አየ። ጥቁር ሽፋን ያለው የመብራት ገመድ ነበር። ዓርብ ማታ ነፋሱ በጥሶት ከነሸክላ መያዣው ወድቋል፤ ደቻሳ የሚፈልገው የተበጠሰ ጫፍም እሱ ነው። ደቻሳ ገመዱን አነሣው፤ አገላበጠው፤ ስለ እባብም ከዚያ በኋላ ምንም አልተናገረም። እማማ ድንቄ ግን ተናገሩ። የወንድምህን እግር የነደፈውስ በእርግጥ እባብ ነበር ወይ ብለው ጠየቁት። እሱ እባብ ነበር፣ እማማ፣ አለ ደቻሳ በትሕትና።

ወይዘሮ የሺመቤት ተንበርክከው አጨዱ። ግራ እጃቸው ጨበጠ፤ ማጭዱ ቆረጠ፤ ጭብጡ ወደ ጎን ተቀመጠ። ከዚያ ሌላ፣ ከዚያ ሌላ። አቶ ጥላዬ አጠገባቸው ቆመው ግራ፣ ቀኝ ሊሉ ይሞክሩ ነበር፤ ዝም በል፣ እጄን ታሳስተኛለህ ተባሉ። አልጋ የምታክለዋ መሬት ከግማሽ ሰዓት በታች ባዶ ሆነች።

ትንሿ ሣር ስትታጨድ ደቻሳ ወጣ፤ ደቻሳ ሲወጣ መብራት መጣ፤ መብራት ሲመጣ መበየጃው ጋለ፤ መበየጃው ሲግል መነጽሩ ተሠራ። ኑረዲን እንዳለው ሩብ ሰዓት አልፈጀም፤ ለመወልወል ግን ሌላ ሩብ ሰዓት ፈጀ፤ ማንም ሊያስቆመው አልቻለም።

መነጽሩ ሲሠራ መምህር ወንዳፍራሽ አነበቡ። ድምፃቸውን ከፍ አድርገው፣ እያንዳንዱን ቃል እየለዩ፣ ከ«ንብረትነቱ» እስከ «ተረጋግጧል» አነበቡ። ግን አርባ ዓመት ያስተማሩ ሰው ናቸው። አራት ቦታ ስሕተት አገኙና፣ ከኪሳቸው ቀይ እስክሪብቶ አውጥተው፣ እየሰረዙ ከላይ አስተካከሉ። እማማ ድንቄ ሁለቱን ገጽ እስከ መጨረሻው ሰሙ። ስለ ጓሮ የሚል ነገር አለበት ወይ ብለው ጠየቁ። የለበትም ተባሉ። አውራ ጣታቸውን ቀለም ነክረው አሳረፉ።

አቶ ጥላዬ ወረቀቱን ይዘው ግምጃ ቤት ሲደርሱ ከስምንት ሰዓት አልፎ ነበር። ወይዘሮ የሺመቤትም አብረዋቸው ነበሩ፤ ወደ ቤት ልመልስሽ ቢሏቸው እምቢ ብለዋል። አቶ ምንዳዬ ወረቀቱን ተቀበሉ፤ አውራ ጣቱን አዩ፤ ደስ አላቸው። ከዚያ ቀዩን ቀለም አዩ። መሥሪያ ቤት የዋለ አንባቢ የሚከተለውን ያውቀዋል። ስርዝ ድልዝ ያለበት ሰነድ አይመዘገብም። እንደገና ይጻፋል፤ እንደገና ይነበባል፤ እንደገና ይፈረማል።

አቶ ምንዳዬ ቀና አሉ። ወይዘሮ የሺመቤት በሩ ላይ ቆመው ነበር፤ ሁለት መዳፋቸው በሣር ጭማቂ አረንጓዴ ሆኗል፤ ጉልበታቸው ጭቃ ነው። ፊታቸውን ወደ አቶ ምንዳዬ ያዞሩ መስሏቸው ከጠረጴዛው በስተግራ የተቀመጠውን የብረት ሣጥን ነበር የሚመለከቱት። ለሣጥኑም ጤና ይስጥልኝ ብለው እጅ ነሡት።

አቶ ምንዳዬ ወረቀቱን ጥቂት ያዙት።

«ዛሬ ዓይኔ ደህና አያይልኝም፤» አሉና ማኅተሙን መቱ። ከዚያ ሳይነሡ እጃቸውን ወደ ኋላ ዘረጉ።

መምህሩ ሲያነቡ እማማ ድንቄ ፈረሙ፤ እማማ ድንቄ ሲፈርሙ ግምጃ ቤቱ ሰጠ፤ ግምጃ ቤቱ ሲሰጥ አቶ ጥላዬ ትከሻቸውን ረስተው ሮጡ።

ማጣሪያ መለወጥ ራሱ ረጅም ሥራ አይደለም። አቶ ጥላዬ የሣጥኗን ክዳን አንዲት ብሎን ፈትተው አነሡ። ውስጧን በደረቅ ጨርቅ ጠረጉ፤ በአፋቸው እፍ አላሉም፤ አቧራው ወደ ሞተሩ እንዳይገባ። አዲሱን ወረቀት ከካርቶኑ አወጡ፤ ነጭ ነው፤ እጥፋቱ ቀጥ ያለ ነው። ጠርዙን ዙሪያውን በጣታቸው ተጭነው አስቀመጡ፤ ክዳኑን መለሱ፤ ብሎኗን አጠበቁ። አራት ደቂቃ ፈጀ። ከሰኞ ጠዋት ጀምሮ ሲሠራ የነበረው ሥራ ይህ ነው።

ገመዱን ሳቡ። አስነጠሰች። ገመዱን ሳቡ። ሳለች። ገመዱን ሳቡ። ማሽኗ ረጅም ትንፋሽ ስባ ተነሣች።

ማሽኗ ስትተነፍስ ሣሩ ታጨደ። አቶ ጥላዬ አፍንጫዋን እያነሡ፣ ትንሽ ትንሽ እያስገመጧት፣ ከአንዱ ጥግ ወደ ሌላው ተመላለሱ። ደቻሳ የታጨደውን በመንሽ ሰበሰበ፤ ኑረዲን ሱቁን ዘግቶ ተሸከመ፤ እማማ ድንቄ ለፍየላቸው የሚሆነውን መረጡ። ለአሥራ አንድ ሰዓት ሩብ ጉዳይ ሲል የምሥራቁ ጥግ ብቻ ቀረ። እሱም በችኮላ ታጨደ። ሲስተር ሰናይት በረንዳ ላይ ቆመው ሜዳውን አዩ፤ ሰዓታቸውን አዩ፤ ገብተው ስልኩን አነሡ።

ሣሩ ሲታጨድ ሐኪሞቹ መጡ። ሐሙስ በማለዳ ስድስት ድንኳን ተተከለ፤ ወይዘሮ የሺመቤት ከመጀመሪያው ድንኳን የመጀመሪያው አልጋ ላይ ተኙ። አቶ ጥላዬ ውጭ ቆመው ጠበቁ። እጃቸው ሥራ ሲፈታ ስለማይወድ ሦስት የሐኪም ባልዲ አጠቡ።

ዓርብ ጠዋት ሐኪሟ ፋሻውን ፈታች። ወይዘሮ የሺመቤት ዓይናቸውን ሁለት ሦስት ጊዜ አርገበገቡ። ሐኪሟን አዩ። ድንኳኑን አዩ። ባላቸውን አዩ፤ ረጅም ጊዜ አዩ፤ አርጅተሃል አሏቸው፤ አቶ ጥላዬም አላስተባበሉም። ከዚያ በድንኳኑ በር ወደ ሜዳው ተመለከቱ፤ በምሥራቅ በኩል ያለው ሣር እኩል አልታጨደም አሉ።

አቶ ጥላዬ ዞረው አዩ። እኩል አልነበረም።